ሸክላ እንሰበስባለን (የሙዚቃውን አይደለም)

«ሸክላ እንሰበስባለን» ስንል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ጥላሁን ገሠሠን ነው። «የማሕሙድም አላችሁ? አምሐ እሸቴ ያሳተማቸው አሁን በስንት ይሸጣሉ?» ይሉናል፤ ዓይናቸው ይበራል። እኛም እየተሽኮረመምን «አይ... የጭቃውን ነው። ጋን፣ እንስራ፣ ምንቸት፣ እንደዚያ ነገር» እንላለን። የበራው ዓይን ወዲያው ይጠፋል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛችንማ «ጠላ ልትጠምቁ ነው?» ብሎ ጠየቀን። አይደለም ብንለውም እስከ ዛሬ ጠላውን ይጠብቃል።

እኛ ማለት ሁለት እህትማማቾች ነን። አንዳችን ጋዜጠኝነት ተመርቃ ሥራ በመፈለግና እዚህ ገጽ ላይ በመጻፍ መካከል የምትኖር፣ ሌላኛችን ፋርማሲ ውስጥ እየሠራች የቤት ኪራዩን የምትከፍል። (የትኛችን የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም።) ይህን የምትጽፈው የመጀመሪያዋ ብትሆንም ሁለታችንም ያልተስማማንበት ዓረፍተ ነገር እንዳይገባ ስለተማማልን «እኛ» እያልን እንቀጥላለን።

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ባለ አንድ መኝታ። ሳሎናችን ውስጥ ሶፋ የለም። ሶፋ መቀመጥ የነበረበት ቦታ ላይ ሦስት ጋኖች ቆመዋል። በረንዳው ላይ አራት እንስራ፣ ሁለት ማድጋና አንድ ገምቦ አለ። ጀበና ሰባት አለን፤ የሁለቱ አንገት ተሰብሯል። ድስትና ምንቸት ዘጠኝ፣ ወጭት ሦስት፣ ምጣድ ሁለት። በጠቅላላው 31። አራተኛው ጋን በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ገል ሆኖ ተቀምጧል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ነገሩ የተጀመረው በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ካዛንቺስ ሲፈርስ ነው። ድሮ እናታችን የምታውቃቸው አንዲት ጠላ ሻጭ እማማ ነበሩ። በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ሰቅለው ጠላ መኖሩን የሚያሳውቁ፣ ከእነዚያ ከመጨረሻዎቹ አንዷ። ዕቃ ስትጭኑ አግዙኝ ብለውን ሄድን። አልጋው ተጫነ፣ ቁም ሳጥኑ ተጫነ፣ ቴሌቪዥኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተጫነ። ሁለት ጋኖች ግን ግድግዳው ሥር ቀሩ። የሚሄዱበት ኮንዶሚኒየም ትንሽ ነው። «ጥያቸው እንዳልሄድ ጠላቴ ይሰብራቸዋል፤ ልስበራቸው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ውሰዱልኝ» አሉን። ምን እንደምናደርጋቸው ሳናውቅ ወሰድናቸው። ማታ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብለን አንገታችንን ወደ አንዱ ጋን ውስጥ አስገባን። ጌሾና የወይራ ጭስ ይሸታል። ስንት ዓመት በግራዋ እንደታጠበና በወይራ እንደታጠነ እንጃ፣ ጭሱ ሸክላው ውስጥ ሰርጎ ገብቷል። ከዚያች ማታ በኋላ ማቆም አልቻልንም።

ለነገሩ የኛም ኮንዶሚኒየም የቆመው በፈረሱ ቤቶች ላይ ነው። ልደታ የድሮ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ፤ ከፍርድ ቤቱ ወዲህ ያለው ሰፈር ተነሥቶ ነው ብሎኮቹ የተሠሩት። አንድ የድሮ ልደቴ ጎረቤታችን፣ ጋሼ እንላቸዋለን፣ በረንዳው ላይ እንስራ ሲያዩ «እኔ ስንት ነው ጥዬ የወጣሁት! ከዚህ ሥር ቢቆፈር ገል ነው የሚወጣው» ይላሉ። አክሱም ቢቆፈር የሸክላ ዕቃ ይወጣል፤ በመቃብር ውስጥ ከሟቹ ጋር የተቀበረ። ልደታም በተራዋ ሸክላዋን ሥሯ ቀብራለች ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ አፍ ለአፍ ተወራልን። ዕቃ የሚያስወጣ ሰው ሁሉ ይደውልልናል። ቆራሌው ሸክላ አይወስድም፤ ብረት፣ ጠርሙስና ፕላስቲክ ነው የሚፈልገው። ልዋጭም አይለውጠውም። ስለዚህ በዚህ ከተማ ውስጥ ለአሮጌ ሸክላ ያለነው ገበያ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም፤ ከፍለን የምናውቀው ደግሞ ለጫኝና አውራጅ ነው። ሰው እየሳቀ ይሰጠናል። መጀመሪያ ሰሞን ያገኘነው ሁሉ ትንንሹን ስለነበር «ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» እየተባባልን በራሳችን ላይ እንቀልድ ነበር።

እየሰበሰብን ደግሞ ተማርን። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ስለሚያልበው ነው። ሸክላው በጣም ጥቃቅን ቀዳዳ አለው፤ ውሃው ወደ ውጭ ሰርጎ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ብሎክ ውስጥ ስንኖር አንዱን እንስራ ለመጠጥ ውሃ መደብነው፤ ከቀትር በኋላ ከጀሪካኑ ውሃ ጋር አወዳድሩትና ፍረዱ። አዲስ ሸክላ ከሆነ ሳይሟሽ አይሠራበትም። ጀበናውን በቡና አተላ ደጋግሞ ማፍላት፣ ምጣዱን በጎመን ዘር ማሰስ... «ማሟሸት» የሚለውን ቃል ለሰውም ለሥራም ስንጠቀምበት ኖረን ከሸክላ የመጣ መሆኑን ያሰብንበት አሁን ነው። «ምንቸት አብሽ» የሚባለውን ወጥ ስንበላም ምንቸት ዕቃ መሆኑ ትዝ ብሎን አያውቅም ነበር።

ሸክላ ከቤታችን ጠፋ የሚል ካለ ደግሞ ኤሌክትሪክ ምጣዱን ይገልብጥ። ከአልሙኒየሙ በታች ያለው ምንድነው? ሸክላ! አንዲት ሴት በእጇ ለስልሳ ያወጣችው፣ ከሥሩ ለሽቦው መተኛ ቦይ የተቀደደበት ሸክላ። የኛን ብሎክ አባወራና እማወራ ሁሉ እንጀራ የሚያበላው እሱ ነው። ጀሪካኑ እንስራን አሸነፈው፣ በርሜሉ ጋንን አሸነፈው፣ ምጣዱን ግን ፋብሪካ አላሸነፈውም።

ሁሉም ሰው ደስ ብሎት አልተቀበለንም። አንዲት ጎረቤታችን ጋን ስናስገባ ደረጃ ላይ አግኝታን «የማታውቁትን ሰው ሸክላ ቤት አታስገቡ» አለችን። የፎቁ ክብደት አሳስቧት መስሎን «እማማ፣ ባዶ እኮ ነው» አልናት። «ክብደቱን አይደለም፤ ማን እንደሠራው አታውቁም» አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ግንባሯን አማተበች። ሳቅን። ሰው ሲያማትብ መሳቅ ነውር መሆኑን ብናውቅም ሳቅን።

የሚገርመው ይኸው ጥያቄ፣ «ማን ሠራው?» የሚለው፣ በሌላ መንገድ ከሚኒሶታ መጣልን።

አክስታችን (የአባታችን እህት ናት) ሚኒያፖሊስ ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ ነው የምትኖረው። ፎቶ ላክንላት። እሷም መልሳ የራሷን ላከች፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ቀጥ ብሎ የቆመ እንደ በርሜል ያለ የሸክላ ዕቃ፤ ፊቱ ላይ ትልቅ ቁጥርና ቀይ የወፍ ክንፍ። የሞቱ አሮጊት ጓዝ ግቢ ላይ ተዘርግቶ ሲሸጥ በርካሽ ገዝታው ጠላ ትጠምቅበታለች። ያገሬው ገበሬ ጎመንና ኪያር በጨው የሚያቦካበት፣ ቅቤና ጨው ሥጋ የሚያስቀምጥበት ነበር። ቁጥሩ ስንት ጋሎን እንደሚይዝ ነው፤ ክንፉ ደግሞ የፋብሪካው ምልክት። ከተማዋ ራሷ «ሬድ ዊንግ» ነው የምትባለው፤ ቀይ ክንፍ ማለት ነው። ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ ከአክስታችን ቤት በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1967 ቢዘጋም የሰብሳቢዎቹ ማኅበር በየዓመቱ እዚያው ከተማ ይሰበሰባል፤ ይገዛዛሉ፣ ይሻሻጣሉ፣ ሥሩ ላይ ስለታተመችው ማኅተም ይከራከራሉ። እንደኛ ያበደ ሰው ሌላ አገርም እንዳለ በማወቃችን እንዴት እንደተጽናናን!

አሠራሩ ከኛ ይለያል። የነሱ በምድጃ ውስጥ እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚተኮስ ድንጋይ ይሆናል፤ ውሃ አያሳልፍም። በድሮው ዘዴ እሳቱ በጋለበት ሰዓት ጨው ይበተንበትና ላዩ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። የኛ በሜዳ ላይ በቅጠልና በኩበት ስለሚቃጠል ከዚያ ሙቀት አይደርስም። ስለዚህ የነሱ አያልበውም፤ የኛ ያልበዋል። እኛ ላቡን መርጠናል።

ያላስተኛን ሌላው ነው። ስናነብ ስናነብ ዴቪድ ድሬክ የሚባል ሰው ጋ ደረስን። ደቡብ ካሮላይና፣ ኤጅፊልድ በሚባል ቦታ በባርነት የኖረ ሸክላ ሠሪ። በሸክላዎቹ ትከሻ ላይ ጭቃው ሳይደርቅ «ዴቭ» ብሎ ይፈርም ነበር፤ ቀኑን ይጽፋል፤ አንዳንዴም ሁለት ስንኝ ይጨምርበታል። እ.ኤ.አ. በ1834 የዚያ ክፍለ ግዛት ሕግ ባሮችን ማንበብና መጻፍ ማስተማር ከልክሏል። ሰውየው ግን ቢያንስ አርባ ሰው የሚጠግብበት ሥጋ የሚይዝ ማሰሮ ላይ ስሙን እየጻፈ ለገበያ ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1858 የሠራው 25 ጋሎን የሚይዝ ማሰሮ በነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ዋጋው አይደለም የደነቀን (እሺ፣ ዋጋውም ደንቆናል)። ከመቶ ስድሳ ዓመት በኋላ ሰው ሁሉ ስሙን የሚጠራው ራሱ ስለጻፈው ነው።

የዚያን ዕለት ማታ 31ዱንም አንድ በአንድ ገለበጥናቸው። በእጅ ባትሪ ሥራቸውን፣ አንገታቸውን፣ የእጀታቸውን ሥር አየን። አንዳችም ስም የለም።

አንድ ደብተር አለን። ለእያንዳንዱ ዕቃ መስመር ከፍተን ዓይነቱን፣ የተገኘበትን ሰፈር፣ የሰጠንን ሰው፣ በግምት ዘመኑን እንጽፋለን። ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚያስተምሩት «ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ» አይደል? አክስታችን ከደወለች ወዲህ አንድ ዓምድ ጨመርን፤ «ሠሪ»። ያ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። ጠላ ሻጯን እማማ ደውለን ጠየቅናቸው። ጋኑን በስንት እንደገዙት፣ በየትኛው ፋሲካ እንደተሟሸ፣ ማን እንደተሸከመው ሁሉ ያስታውሳሉ። «የሠራችውስ?» ስንላቸው «አይ ልጆቼ፣ ከገበያ ነዋ!» አሉን፤ ጋን ከገበያ የሚበቅል ይመስል።

ጋኑ የተሰበረው በዚያ ሰሞን ነው። አራተኛውን ጋን ስናስገባ ጫኝና አውራጆቹ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ዋጋ እንጨምር አሉ፤ እኛ አንጨምርም አልን። ክርክሩ ሳያልቅ አንዱ እጁን ለቀቀ። የጋን አሰባበር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጎረቤት ሁሉ በር ከፍቶ ወጣ። እኛ ደረጃው ላይ ተቀምጠን አለቀስን ብንል አታምኑንም። ገሉን ስንለቅም ግን ማንም አይቶት የማያውቀውን የጋኑን የውስጥ ግድግዳ አየነው። ውጩ ተልጎ ለስልሷል፤ ውስጡ፣ አንገቱ አካባቢ፣ የአራት ጣት ፈለግ ከታች ወደ ላይ ተስቦ ቀርቷል። ጣታችንን አስገብተን ለካነው። ቀጭን እጅ ነበር። ገሉን መጣል አቃተንና ከረጢት ውስጥ አደረግነው።

ቀጨኔ የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው። ከልደታ ሩቅ አይደለም፤ እንጦጦ ሥር፣ መድኃኔዓለም ሰፈር። የሸክላ ሠሪ ሴቶች ማኅበር እንዳለ ስለምናውቅ ጠይቀን ገባን። ዙሪያውን የሚሽከረከር መሣሪያ የለም፤ የምትዞረው ሴትዮዋ ራሷ ናት። ጎንበስ ብላ ወደ ኋላ እየተራመደች ጭቃውን በእጇ ወደ ላይ ትስበዋለች። አንድ እንስራ እስኪያልቅ ስንት ጊዜ እንደዞረች ለመቁጠር ሞክረን ጠፋብን። ጀበናው ደግሞ ከእሳት እንደወጣ በግሉ ሰጋቱራ ውስጥ ይቀበርና በጭሱ ይጠቁራል። ጥቁረቱ ቀለም ይመስለን ነበር፤ ጭስ ነው። ዓይናቸው የሚያለቅሰውም ለዚሁ ነው።

አንዷን እናት «ለምንድነው ስማችሁን የማትጽፉበት?» አልናቸው። ደህና ጥያቄ የጠየቅን መስሎን ነበር። ቀና ብለው አዩን። «ልጆቼ፣ ስማችንን ቢያውቁ ይገዙናል እንዴ?» አሉና ወደ ጭቃቸው ተመለሱ።

ይህ የሆነው ለምን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ተነግሮ የማያልቅ ነው። ሸክላ የሚሠራ ሰው «ቡዳ ነው» ይባላል። ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ይበላል ይባላል። በላበት ሸክላ አብስሎ የሚበላው ሰው ነው ይህን የሚለው። በ1900 ዓ.ም. አጤ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ጎረቤታችን ግን አሁንም ታማትባለች። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ በሸክላ ሥራቸው የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን ሴቶች ይኸው ስም ተለጥፎባቸው ኖረዋል፤ በ1977ና በ1983 ዓ.ም. አብዛኛው ወገናቸው ወደ እስራኤል ሄዷል። ወደ ደቡብ ብንወርድም በሲዳማ፣ በወላይታና በጋሞ ሸክላ ሠሪው ከሌላው ጋር እንዳይጋባና መሬት እንዳይኖረው ሲደረግ ቆይቷል። አገሩ በቋንቋና በሃይማኖት ሲለያይ በዚህ እንዴት ሊስማማ ቻለ? ይህ ጥያቄ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ አሁን ወደ ቤታችን።

እናታችን የምትኖረው ኮልፌ ነው። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ትመጣለች፤ አራት ፎቅ እያረፈች ወጥታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ጀርባዋን ለጋኖቹ ሰጥታ ትቀመጣለች። አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ሸክላችን አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም ነበር። «ሶፋ ብትገዙ» ትላለች፤ በቃ። ቀጨኔ እንደሄድን ስንነግራት ደግሞ «ምን ልትሠሩ?» አለችና ወሬውን ወደ ወንድማችን ሽምግልና አዞረችው። ወንድማችን ሊያገባ ነው። የልጅቷ ቤተሰብ ዘር የሚቆጥር ነው፤ ሽማግሌ ሲላክ እስከ ሰባት ቤት መጠየቁ አይቀርም። የእናታችን ወገን መጠየቅ ላይ ሲደርስ እሷ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነው፤ «እናትና አባቴ በልጅነቴ ሞቱ፣ አገሬን አላውቀውም»። እኛም አምነናት ኖረናል።

ባለፈው እሁድ አይደለም፣ ካቻምናው እሁድ፣ አንድ አዲስ የመጣ ጋን በሩ አጠገብ ስለነበር ማለፍ አቃታት። ልትገፋው እጇን ዘረጋችና ቆመች። በጣቷ አንጓ ሆዱን ሁለት ጊዜ አንኳኳችው። ጆሯዋን ዘንበል አደረገች። ከዚያ ዝቅ ብላ ሌላ ቦታ ላይ አንኳኳች።

«ይቺ በዚህ በኩል እሳት አላገኘችም» አለች። «ጠላ ብታደርጉባት ታንጠባጥባለች።»

ቡና እየተወቀጠ ነበር፤ ወቀጣው ቆመ። «በምን አወቅሽ?» አልናት።

«ድምፅዋ ነዋ።»

ዝም አልን። እሷም ምን እንዳደረገች የገባት ይመስለናል፤ ፈጠን ብላ ሄዳ ተቀመጠች፤ አቀማመጧ ግን ጀርባዋን ለጋኖቹ የሰጠ አልነበረም። ዓይኗ ጥግ ላይ ያለው ከረጢት ላይ አረፈ። «እሱስ ምንድነው?» አለች። የተሰበረው ጋን መሆኑን ነገርናት። ከረጢቱን ፈትታ አንዱን ገል አወጣች፣ አገላብጣ አየችው፣ ሳቀች። እናታችን እንዲያ ስትስቅ አይተን አናውቅም። «ገል የሚያስቀምጥ ሸክላ ሠሪ ነው። እናንተ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ሸክላ ሠሪስ ምን ታደርገዋለች?»

«ወቅጣ፣ ነፍታ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ታቦካዋለቻ። አለዚያ እሳት ላይ ይሰነጠቅባታል» አለች። ከዚያ ገሉን ነጠላዋ ላይ አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም።

የነገረችንን ሁሉ አንጽፍም። የተወለደችው ቀጨኔ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ነው፣ የት እንደሆነ ይቅር። እናቷ ጋን፣ እንስራና ምጣድ ትሠራ ነበር። ልጅ ሆና አፈሩን እየወቀጠች ታቀርብላት፣ በገበያ ቀን ትንንሾቹን ምንቸቶች ተሸክማ ትከተላት ነበር። ሰው ገንዘቡን እጃቸው ላይ አያስቀምጥም፤ መሬት ላይ ይጥለዋል። ውሃ ሲጠይቁ በቅል ይሰጧቸውና ቅሉን ይሰብሩታል። አሥራ አራት ዓመቷ ላይ አዲስ አበባ መጣች፤ ከዚያ ወዲህ እናቷን ያየቻት ሁለቴ ብቻ ነው። አያታችን «በልጅነቷ» አልሞተችም። የሞተችው ታላቅየዋ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው፤ እናታችን ለለቅሶ ስትሄድ «የሥራ ጉዳይ» ብላን እንደሄደች አስታወስን። አዎ፣ ያን ሰሞን አባታችን ሦስት ቀን ሽሮ ሠርቶ አብልቶናል።

«አባዬ ያውቅ ነበር?»

«ያውቃል። ለልጆቹ ስትይ ዝም በይ ያለኝ እሱ አይደል! እኔማ ልናገር ነበር።»

አባታችን ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። ይህን እንዴት እንደምንይዘው እስካሁን አላወቅንም።

ልንጽፈው እንደምንፈልግ በዚያው ዕለት ነገርናት። (ከሁለታችን አንዷ ነገረች፤ ሌላዋ በጣም ተቆጣች፤ ለሦስት ቀን አልተነጋገርንም። «ሰው ሲያለቅስ ዓረፍተ ነገር ታያለሽ» የሚለው ስድብ እስከ ዛሬ ያመናል።) እናታችን መጀመሪያ አይሆንም አለች። «ወንድማችሁን ልታስቀሩት ነው?» አለች። እኛ ደግሞ ሌሎችን ደፍራችሁ ስማችሁን ጻፉ ስንል የከረምን ሰዎች ነን። ቀጨኔ ድረስ ሄደን አሮጊት ያፋጠጥን። የሰው እናት ስሟን ለምን እንደማትጽፍ ስንጠይቅ ቀላል ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ራሷ ደወለች። «ጻፊው። ስሟንና አገሯን አትጻፊ። የኔንም የእናንተንም። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ደግሞ እናያለን።» ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስም የለውም፤ ከታች ያለችውም ስም እንደምታውቁት የብዕር ስም ናት። ወንድማችን አንብቦታል። «ሽማግሌዎቹ ከመሄዳቸው በፊት ለሷ ልንገራት» ብሎ እጮኛውን ነግሯታል። ለጊዜው ልጅቷ ሸክላ ድስት ስጦታ ጠይቃለች። ወላጆቿ ገና አልሰሙም፤ ሽምግልናው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ያለፈው እሁድ እናታችን በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። ምንቸት ነው፤ ጡጫ የምታህል፣ ከንፈሯ የተሸረፈ፣ ልጅ ሆነን ቁም ሳጥን ውስጥ ጨው ተደርጎባት የምናውቃት፣ አትንኳት የምንባላት። 32ኛ ብለን ደብተሩን አወጣን። ዓይነት፣ ምንቸት። የተገኘበት ሰፈር፣ ኮልፌ። የሰጠን ሰው፣ እማዬ። ዘመኑን ጠየቅናትና ነገረችን። መጨረሻው ዓምድ ላይ ስንደርስ እስክሪብቶውን ያዝን፤ ተያየን። እናታችን «አምጪው» ብላ ደብተሩን ጭኗ ላይ አደረገችና መነጽሯን ፈልጋ ቀስ እያለች ጻፈችበት። «አውቃታለሁ» ይላል።

ከዚያ «ውሃ መጥቷል?» አለች። መጥቶ ነበር። እንስራውን ልትሞላ ተነሣች።